የኮሪያ ጥብስ ዶሮ ቤት፦ በአያት፣ በጣፎና በአካባቢው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አያት አካባቢ ባለ አንድ የኮሪያ ዶሮ ቤት ሦስት ዓመት አስተናግጃለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጠረጴዛ ባጸዳሁ ቁጥር ከደንበኞች የምሰማቸው ነበሩ።

የኮሪያ ጥብስ ዶሮ ከለመድነው ጥብስ ዶሮ በምን ይለያል?

ዋናው ልዩነት ሁለት ጊዜ መጠበሱ ነው። ቁርጥራጩ መጀመሪያ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ዘይት ውስጡ እስኪበስል ይጠበሳል። ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ ሙቀቱ 180 አካባቢ ወደደረሰ ዘይት ተመልሶ ይገባል። ባረፈበት ሰዓት የሥጋው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ይወጣል፤ ሁለተኛው ጥብስ ያንን እርጥበት አትንኖ ያባርረዋል። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ኮርሸም ኮርሸም የሚለው፣ ሶስ ተቀብቶም ቶሎ የማይረጥበው ለዚህ ነው።

ሌላው ዱቄቱ ነው። የአሜሪካኑ ዓይነት በወፍራሙ በስንዴ ዱቄት ይሸፈናል፤ በኮሪያው ግን የድንች ስታርች ወይም ኮርን ፍላወር ይበዛል። ዶሮውም ትንሽ ነው። ኮሪያ ውስጥ ለጥብስ በብዛት የሚመረጠው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ነው፤ «10 ቁጥር» ይሉታል። እዚህ የሚጠበሰው የፈረንጅ ዶሮ ነው። የሀበሻ ዶሮ ለወጥ የሚስተካከለው ባይኖርም ሥጋው ጠንከር ስለሚል ቀስ ብሎ ብዙ ሰዓት መቀቀል ይፈልጋል፤ ዘይት ውስጥ በሩብ ሰዓት እሺ አይልም።

ሜኑው ላይ ያሉት የኮሪያ ቃላት ምን ማለት ናቸው? ለመጀመሪያ ጊዜ የቱን ልዘዝ?

«ሁራይድ» ምንም ሶስ ያልነካው ደረቁ ጥብስ ነው። «ያንግኞም» ቀዩ፣ እጅ ላይ የሚጣበቀው፣ ጣፋጭነትና ቃሪያ የተቀላቀለበት ነው። «ጋንጃንግ» በአኩሪ አተር ሶስና በነጭ ሽንኩርት የተቀባው ቡናማው ነው። «ባንባን» ግማሽ በግማሽ ማለት ነው፤ አንዱ ዶሮ ለሁለት ጣዕም ይከፈላል። «ሱንሳል» የሚል ካያችሁ አጥንት የሌለው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ባንባን አዝዝ እለዋለሁ፤ ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ ያንግኞም። ደረቁን አስቀድሙ። ሶስ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ደረቁ ግን ዘይቱ ንጹሕ መሆኑንም፣ ጨው መግባቱንም፣ ጠባሹ እጁ ምን ያህል እንደሆነም በመጀመሪያው ጉርሻ ይናገራል።

ያቃጥላል? ደግሞስ ሥጋ እንዴት ጣፋጭ ይሆናል?

በርበሬ ላይ ያደገ ሰው የያንግኞምን ቃሪያ ብዙም አይሰማውም። የሚያስደነግጠው ጣፋጭነቱ ነው። የሶሱ መሠረት ጎቹጃንግ የሚባል ድልህ ነው፤ ከቃሪያ ዱቄት፣ ከሚያጣብቅ ሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተርና ከጨው ተሠርቶ ለወራት እንዲብላላ ይቀመጣል። ለዶሮው ሶስ ሲሆን ስኳር ወይም ሽሮፕ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜም ካቻፕ ይጨመርበታል። አንዲት እናት ቀምሰው «አዋዜ ላይ ማር ደፍታችሁበት ነው?» ብለውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ደንበኛ ጣዕሙን የማስረዳው በእሳቸው አነጋገር ነው።

ጣፋጭ ካልወደዳችሁ ደረቁን አዝዛችሁ ሚጥሚጣ አስመጡ። አያሳፍርም፤ ወጥ ቤት ያሉትም እንደዚያ ነው የሚበሉት። ለልጆች ጋንጃንግ ይሻላል፤ ጨው ጨው ይላል እንጂ ብዙውን ጊዜ አያቃጥልም። ለውዝ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ካለ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፤ ሁለቱም ሶሱ ላይ ሊነሰነሱ ይችላሉ። ስንዴ የማይስማማውም እንዲሁ፤ ዱቄቱ ስታርች ብቻ ቢሆን እንኳ የአኩሪ አተር ሶስ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ስንዴ ይገባበታል።

አንድ ዶሮ ለስንት ሰው ይበቃል?

ለሁለት የራበው ሰው ወይም ከድንች ጥብስ ጋር ለሦስት። ዶሮው ትንሽ መሆኑን አትርሱ። ቁርጥራጩ ብዙ ስለሚመስል ሳህኑ ሲቀርብ የበዛ ይመስላል፤ ከፊሉ ግን አጥንት ነው።

አባቶች «ፈረሰኛው የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ዶሮው እንደ ወጡ በ12 ብልት አይገነጠልም፤ ከነአጥንቱ ይከተከታል፣ ስለዚህ ፈረሰኛው ብቻውን ተለይቶ አይወጣም። ሲከተከት ስንጥር አጥንት ሊቀር ስለሚችል ለትንንሽ ልጆች አጥንት የሌለውን እዘዙላቸው።

ከዶሮው ጋር የሚመጣው ነጭ ኮምጣጣ ነገር ምንድን ነው? ይከፈልበታል?

በሆምጣጤ፣ በስኳርና በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ነጭ ፍጅል ነው፤ ኮሪያውያን «ቺኪን ሙ» ይሉታል። አንዳንድ ቤት ፍጅል ሲያጣ በደቃቁ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ወይም ኪያር ይተካዋል። በየመሀሉ አንድ አንድ እየጎረሳችሁ የዘይቱን ክብደት ከአፋችሁ ታጥቡበታላችሁ። የመጀመሪያው ሳህን ብዙውን ጊዜ ከዶሮው ጋር የሚመጣ ነው፤ ለተጨማሪው የሚያስከፍል ቤት ካለ ሜኑው ላይ መጻፍ አለበት።

ለምን ይህን ያህል ያስጠብቃል?

ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ከጠበቃችሁ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ሥራው የሚወስደው ጊዜ ነው። ትእዛዙ ሲገባ ዶሮው ዱቄት ይለብሳል፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበሳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ጥቂት ደቂቃ ይጠበሳል፣ ሶስ ይለወሳል። ከፊታችሁ አምስት ጠረጴዛ ካለና መጥበሻው ሁለት ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በአምስት ደቂቃ የቀረበላችሁ እንደሆነ የመጀመሪያው ጥብስ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ብዙ ቤት እንዲህ ያደርጋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከሆነ ችግር የለውም፣ ከጠዋት ጀምሮ ከሆነ ግን ሥጋው ደርቆ ታገኙታላችሁ።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የዶሮው እርጥበት ቶሎ ስለሚተን ላዩ ቀድሞ ይቀላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። የሚያውቅ ጠባሽ የዘይቱን ሙቀት ትንሽ ቀንሶ ደቂቃ ይጨምራል። እኛ ቤት የነበረው ጠባሽ ሰዓት አያይም፤ ጆሮውን ወደ መጥበሻው አዘንብሎ ይቆማል። ዶሮው ሲገባ ዘይቱ ይንጫጫል፣ እርጥበቱ ሲያልቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ስስ ሹክሹክታ ብቻ ይቀራል። ያኔ ነው ወንፊቱን የሚያነሳው። ያንን ድምፅ እየጠበቀ ያለን ሰው «ቶሎ በል» ማለት ጥሬ ሥጋ አምጣ ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጥበሻ ይቀዘቅዛል፤ ጄኔሬተር ቢነሳም ዘይቱ እስኪሞቅ ሌላ 15 ደቂቃ ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የምትመጡ ከሆነ ከቤት ስትነሱ ደውላችሁ እዘዙ።

በእጅ ነው የሚበላው በሹካ? የፕላስቲክ ጓንቱስ?

በእጅ። ጓንቱ ሶሱ እንዳያጣብቅ የሚሰጥ ነው፤ ኮሪያ ውስጥም የተለመደ ነው። እኔ ግን እጅ ታጥቦ መብላትን እመርጣለሁ። በጓንት መጎራረስም ደስ አይልም።

ኮሪያን ከእኛ ጋር ምን አገናኛትና ነው ዶሮዋ ጣፎ ድረስ የመጣው?

ጥብስ ዶሮ ለኮሪያ የጥንት ምግብ አይደለም። ቀድሞ ዶሮ በብዛት የሚቀቀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የምግብ ዘይት በየቤቱ መግባት ጀመረ፤ በ1977 ሊምስ ቺክን የሚባለው ቤት ሴኡል ውስጥ በሺንሴጌ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት ተከፍቶ ተቆራርጦ የተጠበሰ ዶሮ መሸጥ ጀመረ። ቀዩ ያንግኞም ዴጉ ከምትባለው የኮሪያ ከተማ ጋር ስሙ ይነሳል፤ ከ2013 ጀምሮ እዚያ የዶሮና የቢራ ፌስቲቫል ይካሄዳል። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ከሥራ የተባረሩ ብዙ ሰዎች በካሳቸው ትንንሽ ዶሮ ቤቶች ከፈቱ። ዛሬ በየመንደሩ ያለው የዶሮ ቤት ብዛት ከዚያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው።

ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ከጥብሱ ይቀድማል። በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነበር፤ ተራ በተራ ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ሄደዋል፣ ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ቹንቾን በምትባለው ከተማ ለእነሱ የመታሰቢያ አዳራሽ ቆሞላቸዋል፤ እዚህም አፍንጮ በር መታሰቢያቸው አለ። ይህን የምጽፈው ቹንቾን በመላው ኮሪያ የምትታወቅበት ምግብ ዶሮ ስለሆነ ነው። ዳክጋልቢ ይባላል፤ ዶሮው በጎቹጃንግ ተለውሶ በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ይጠበሳል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው ግድግዳው ላይ ያለውን የኮሪያ ካርታ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። አባታቸው ዘማች እንደነበሩ ነገሩን፤ ጣታቸውን ቹንቾን ላይ አድርገው ለልጆቹ አሳዩአቸው። ዶሮው እስኪወጣ ያለው 30 ደቂቃ በዚያ ጠረጴዛ ማንንም አልረዘመበትም።

ቢሉ ሜኑው ላይ ካየሁት ዋጋ ለምን በለጠ?

ቫት 15 በመቶ ነው፤ ብዙ ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምራል። ሜኑው ላይ 1,000 ብር የሚለው መጀመሪያ 100 ብር ይጨመርበትና በ1,100 ላይ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይሆናል። ሜኑው ግርጌ ላይ «ዋጋው ቫትን ያካትታል» ወይም «አያካትትም» የሚለውን ጽሑፍ ሳታዩ አትዘዙ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ብትከፍሉ የማሽን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ቅሬታ ቢኖራችሁ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ከቢራ ጋር ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

ኮሪያ ውስጥ አዎ፤ ዶሮና ቢራን አንድ ላይ «ቺሜክ» ይሉታል። እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ያሉ ብዙ ቤቶች ለቤተሰብ ስለሆኑ መጠጥ አይሸጡም። የሚሸጡትም በሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ አይችሉም፤ መታወቂያ ብትጠየቁ ቅር አይበላችሁ።

ቤት ድረስ ሲመጣልኝ ለምን ይለሰልሳል?

ከአያት አደባባይ ተነስቶ አራብሳ ኮንዶሚኒየም እስኪደርስ ዶሮው በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። የተዘጋ ካርቶን ውስጥ ያለ ትኩስ ዶሮ እርጥበቱን የሚያወጣበት ቦታ ስለሌለው ቅርፊቱ መልሶ ይጠጣዋል። ላስቲክ ሲጨመርበት የባሰ ነው።

ሦስት ነገር ብትሉ ብዙ ይለወጣል፦ ሶሱ ለብቻው ይሁንልኝ፣ ካርቶኑ ይበሳልኝ፣ ላስቲኩ አይቋጠር። ቀጥሎ አድራሻው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ከሱቁ ፊት ለፊት» የሚባል ሱቅ ሃያ አለ። የሳይቱን ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን አንድ ላይ ጽፋችሁ ላኩ፤ ሞተረኛው ሲደውል ስልካችሁ ይነሳ። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ሰው ወደ ታች መላክ ለዶሮውም ለሞተረኛውም ደግ ነው። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚርቅ ቦታ ለምትኖሩ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጋንጃንግ እዘዙ፣ ወይም መጥታችሁ ብሉ። ቀዩ መንገድ አይችልም።

የተረፈውን በማግስቱ እንዴት ላሙቀው?

ማይክሮዌቭ ቆዳውን ላስቲክ ያደርገዋል። ኦቨን ወይም ኤርፍራየር ካለ 180 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ከሌለ ብረት መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት፣ በመለስተኛ እሳት፣ እያገላበጡ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ወይም የዋለ ዶሮ ግን አይሙቅ፤ ይጣል። ቶሎ ወደ ፍሪጅ ማስገባት ነው መፍትሔው።

ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ከጓደኞቼ ጋር ብመጣ የምበላው አለ?

ብዙ ቤት አለው፤ አበባ ጎመን፣ እንጉዳይ ወይም ቶፉ በዚያው ዱቄት ተጠብሶ በዚያው ሶስ ይለወሳል። አበባ ጎመኑ በደንብ ከተሠራ እኔ በፍስክ ቀንም የማዝዘው ነው። ነገር ግን «የጾም» የሚል ቃል ሜኑው ላይ ስላለ ብቻ አትመኑ። አራት ጥያቄ አለ፤ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ዘይቱ ዶሮ የተጠበሰበት ነው ወይስ ለብቻው? ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አበባ ጎመኑን ከዶሮው ጋር በአንድ መጥበሻ የሚጠብስ ቤት አለ፤ ድንች ጥብሱም እንዲሁ። ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት አለ? ማዮኔዝ የገባበት ሰላጣስ? ማዮኔዝ እንቁላል ነው። አራተኛው የዓሣ ነገር ነው፤ ኪምቺ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል፣ ቶክቦኪ የሚባለው የሩዝ ሙልሙልም መረቁ ከደረቀ ዓሣ ሊሠራ ይችላል። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ አስተናጋጁ ለእናንተ አይወስን፤ ነግሯችሁ እናንተ ወስኑ።

ሠርቼ ባየሁት፣ በሁዳዴ 55 ቀን አንዱን መጥበሻ ሙሉ በሙሉ ለጾም የሚለይ ቤት ደንበኛው ከፋሲካ በኋላም አይለየውም። «ለብቻው ነው» ካሏችሁ «ላየው እችላለሁ?» ማለት መብታችሁ ነው። የለየ ቤት በደስታ ያሳያል።

ዶሮው በማን የታረደ ነው? ለሙስሊምም ለክርስቲያንም ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። አታፍሩ። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ አስተናጋጅ በዚህ ቅር ሊለው አይገባም፣ መልሱንም ሳያውቅ ሥራ መጀመር የለበትም። አንድ ቤት ዶሮውን የሚያመጣው በአብዛኛው ከአንድ አቅራቢ ስለሆነ መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። «ሁለቱም አለ» የሚል መልስ ከሰማችሁ መጥበሻውም ቢላዋውም የተለየ መሆኑን ጠይቁ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ለሙስሊም ደንበኞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐላል የታረደ ዶሮ በሶሱ ምክንያት ሊበላሽባችሁ ይችላል። አንዳንድ አብሳይ የዶሮውን ሽታ ለማጥፋት በሩዝ ወይን ወይም ሶጁ በሚባለው የኮሪያ አረቄ ያሸዋል፤ እኛ በሎሚና በጨው እንደምናጥበው ማለት ነው። በፋብሪካ የታሸገ አንዳንድ ጎቹጃንግም እንዳይበላሽ ጥቂት አልኮል ይጨመርበታል፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማሸጊያውን አምጡልኝ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የኮሪያ ምግብ ሁሉ የሚሸጥ ቤት ከሆነ ደግሞ አሳማ በዚያው ዘይት ይጠበስ እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ክርስቲያኖችንም ይመለከታል።

አጥንቱ አጠገብ ቀይ አየሁ። አልበሰለም ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። የፈረንጅ ዶሮ የሚታረደው በጥቂት ሳምንቱ ስለሆነ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፤ ሲጠበስ መቅኔው በአጥንቱ ቀዳዳ ወጥቶ ዙሪያውን ያቀላዋል። በረዶ ሆኖ የቆየ ዶሮ ላይ ይብሳል። ያንን ቅላት ስላያችሁ ብቻ ዶሮው ጥሬ ነው ማለት አይቻልም።

ጥሬውን የምትለዩት በሥጋው ነው። የበሰለ ሥጋ ነጭ ሆኖ በጭረት በጭረት ይላቀቃል፣ ከአጥንቱም በቀላሉ ይለቃል። ያልበሰለው ያብለጨልጫል፣ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ አጥንቱን አይለቅም። ጥርት ያለው መለኪያ ቴርሞሜትር ነው፤ ወፍራሙ ሥጋ መሀሉ 74 ዲግሪ ከደረሰ በስሏል። ብዙ ወጥ ቤት አንድ አለው። ከተጠራጠራችሁ «ለኩልኝ» በሉ፤ ካልሆነ መልሱት። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን በጥርጣሬ የሚበላ ዶሮ የለም።

ዘይቱ ያረጀ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሳህኑ በፊት አየሩ ይነግራችኋል። በሩን ስትገቡ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ልብስ ላይ የሚቀር ሽታ ካለ ዘይቱ ደክሟል። ዶሮው ላይ ደግሞ ቅርፊቱ ወርቃማ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፣ ከታች ያለው ወረቀት በዘይት ይርሳል፣ ከዋጣችሁ በኋላ ጉሮሮ ላይ መራራ ነገር ይቀራል። ለዚህ ነው ደረቁን ቅመሱ ያልኩት፤ ቀዩ ሶስ መራራነቱን ይደብቀዋል።

ዘይት ውድ ነው፤ የሚያስጨንቀው ባለቤት ብዙ እንደሆነ ከውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ቢሆንም በየቀኑ ማታ የሚያጣራና ሲጠቁር የሚደፋ ቤት አለ፣ አረፋ እየተፋ ሳምንት የሚያስኬድም አለ። ልዩነቱን የሚከፍለው የእናንተ ሆድ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅም መመለስም አትፍሩ።

ምግቡ ባይሆንልኝ ማንንም ሳልጎዳ እንዴት ልመልስ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁርጥራጮች ላይ ተናገሩ። ግማሹ ካለቀ በኋላ ወጥ ቤቱ የሚያየው ነገር የለም። «አይጥምም» ከማለት የትኛው ቁራጭ ምን እንደሆነ አሳዩ፤ ጨው በዝቷል፣ ይህ አልበሰለም፣ ይህ ቀዝቅዟል። የምትፈልጉትንም ለይታችሁ በሉ፤ ይቀየርልኝ፣ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ። ቤት ድረስ የመጣ ከሆነ ከመብላታችሁ በፊት ካርቶኑን ከፍታችሁ ከደረሰኙ ጋር ፎቶ አንሱና ወዲያው ደውሉ። በማግስቱ የሚመጣ ቅሬታ ለማንም አይረዳም።

አስተናጋጁ ላይ ግን አትጩሁ፤ ሥራ አስኪያጁን ጥሩ። መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት የተመለሰ ሳህን ዋጋ ከአስተናጋጁ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር። ያልጠበስኩት ዶሮ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተቆርጦብኛል። ስለዚህ አስተናጋጅ ሳህን ሲመለስ ሲከራከራችሁ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ ወር መጨረሻው ነው።

አንድ ምሽት አንዲት ደንበኛ አንድ ታፋ ቆርሳ ውስጡ እንዳልበሰለ አየች። ሳህኑን ይዛ ራሷ ወደ ካሸሩ ሄደች። ሥራ አስኪያጁን አስጠራችና ቁራጩን እያሳየች፦ «ይሄ ከወጥ ቤት የመጣ ነው፤ ልጅቷ ላይ እንዳይቆረጥ» አለችው። አልጮኸችም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ አዲስ ዶሮ ወጣላት፤ ያን ወር ደመወዜ ሙሉ ነበር።